ከሲ.ኤም.ሲ እስከ እንጦጦ፤ ስንዴ የሌለበት ብስኩት ፍለጋ

አገር መጎብኘት ሲባል የብዙዎቻችን ሐሳብ ወደ ላሊበላ፣ ወደ ጎንደርና ወደ አክሱም ይሄዳል። ለዚያ ደግሞ ረዘም ያለ ፈቃድና ጠርቀም ያለ ገንዘብ ያስፈልጋል። እኔ ግን በመምህርነት ደመወዝ የምተዳደር ሰው ስለ ሆንሁ፣ ባለፈው ዓቢይ ጾም ያደረግሁት ጉዞ ከሰፈሬ ተነሥቶ ወደ ሰፈሬ የሚመለስ፣ በአንድ ቀን የሚያልቅ ነበር። የጉዞዬም ምክንያት አንድ ትሪ ብስኩት ነው። አንባቢዬ በዚህ ፈገግ ይል ይሆናል፤ ዳሩ ግን እስከ መጨረሻው ቢከተለኝ ነገሩ እንደ ዋዛ የሚታይ እንዳልነበረ ይረዳልኛል።

የምኖረው በሲ.ኤም.ሲ ነው። ይህ ስም ለእንግዳ ሰሚ ግራ የሚያጋባ ይመስላል። ነገር ግን የአንድ የጣሊያን የሕንፃ ሥራ ማኅበር ስም ምሕፃረ ቃል ነው፤ ትርጓሜውም የግንበኞችና የሲሚንቶ ሠራተኞች ኅብረት ማለት ነው። ግንበኞቹ ሄዱ፤ ስማቸው ግን በሰፈሩ ላይ ቀረ። በመስከረም 2008 ዓ.ም. ሥራ የጀመረው የከተማው ባቡር ሐዲድ በሰፈራችን አልፎ በምሥራቅ እስከ አያት፣ በምዕራብ እስከ ጦር ኃይሎች ተዘርግቷል። በጧት ከደጃፉ ቆሞ ፊቱን ወደ ሰሜን ያዞረ ሰው ደግሞ የየካና የእንጦጦ ተራሮች ጭጋጋቸውን እንደ ነጠላ ተከናንበው ያያል።

ከማስተምራቸው ልጆች መካከል አንዲት የዘጠነኛ ክፍል ተማሪ አለች። ጨዋታ ወዳድና ብልህ ናት፤ ሆኖም በዕረፍት ሰዓት ጓደኞቿ ዳቦና ብስኩት ሲካፈሉ እርስዋ ሁልጊዜ ዘወር ትል ነበር። ኩራት መስሎኝ አንድ ቀን ብጠይቃት «ጋሼ፣ ስንዴና ገብስ ሐኪም ከልክሎኛል» አለችኝ። ሕመሙ ሴሊያክ የሚባለው ነው። በስንዴና በገብስ ውስጥ ግሉተን የሚባል፣ ሊጡን እንደ ላስቲክ የሚያስብ ነገር አለ። ይህ ሕመም ያለበት ሰው ግሉተን ያለበትን እህል ሲበላ፣ ከበሽታ ሊጠብቀው የተሰጠው የሰውነቱ መከላከያ ተሳስቶ የገዛ አንጀቱን ይወጋል። መድኃኒቱም እህሉን ፈጽሞ መተው ብቻ ነው።

የኛ አገር ጤፍ ይህ ነገር የለበትም። ስለዚህ እኔም ነገሩ ቀላል መስሎኝ፣ ከሰፈር ወፍጮ ቤት የተፈጨ የጤፍ ዱቄት ገዝቼ ብስኩት ጋገርሁና በኩራት ይዤላት ሄድሁ። ልጅቱም ሁለት በላች። ከዚያ በኋላ ሦስት ቀን ከትምህርት ቤት ቀረች።

በአራተኛው ቀን እናቷ መጡ። ይቈጡኛል ብዬ ስጠብቅ፣ ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው «ልጄ፣ አሳብህ መልካም ነበር። ለመሆኑ ከጤፉ በፊት ወፍጮው ምን ሲፈጭ እንደ ነበረ ጠይቀሃል?» አሉኝ። አልጠየቅሁም ነበር። ወፍጮው ስንዴ ፈጭቶ ሳይጠረግ ጤፉ ገብቶበት ኖሯል። ኬሚስትሪ አስተማሪ ሆኜ ሳለሁ፣ ተማሪዎቼን ዘወትር «ዕቃችሁን ሳታጠቡ አትለኩ» እያልሁ፣ ራሴ ይህን መርሳቴ እጅግ አሳፈረኝ። በሚቀጥለው ሳምንት ዓርብ በትምህርት ቤታችን የወላጆች በዓል ይደረግ ስለ ነበር፣ ለዚያ ቀን የጠራ ብስኩት ለመሥራት ቃል ገባሁ። ዓርብም ጾም ነውና እንቁላል፣ ወተትና ቅቤ አይገባበትም። እናቷም «ታማሚ ነሽና ከጾሙ ይቅርብሽ ብትባልም እምቢ ብላለች። ከጓደኞቿ የምትለይበት ሁለተኛ ነገር አትፈልግም» አሉኝ። የሚጋገረውም በእርሳቸው ቤት እንዲሆን ተስማማን፤ ከዚያ ቤት ስንዴ ከወጣ ሁለት ዓመት ሆኖታልና።

ቅዳሜ ጧት ከቤት አከራዬ ከእትዬ ጋር በባቡር ተሳፍረን መገናኛ ወረድን፤ ከዚያም ሾላ ገበያ ገባን። እትዬ ወደ እንጦጦ ማርያም የሚሄዱበት ቀን ስለ ነበር እግረ መንገዳቸውን ሊረዱኝ ተስማምተው ነው። ሾላ ገበያን ያላየ ሰው አዲስ አበባን አውቃለሁ ባይል ይሻለዋል። በአንድ በኩል በርበሬ ያስነጥሳል፤ በሌላ በኩል ኮረሪማ፣ በሶብላና ኮሰረት ሽታቸውን ያደባልቃሉ። እትዬ ነጩን ጤፍ በመዳፋቸው ይዘው፣ እፍ ብለው፣ በጥርሳቸው ሞክረው «ይህ ይሁን» አሉ። የአንዲት የስንዴ ቅንጣት ክብደት ከ150 ያህል የጤፍ ቅንጣት ጋር ይተካከላል ይባላል፤ ስለዚህ በጤፍ መካከል የተደበቀች የስንዴ ፍሬ ለዓይን በግልጽ ትታያለች። ይህ ለኛ ትልቅ ጥቅም ነበር፤ ያልተፈጨውን እህል የገዛነውም ስለዚህ ነው። ተልባ፣ የኑግ ዘይት፣ አምስት ሎሚና ሁለት ብርቱካንም ጨመርን።

ከሾላ በታክሲ ስድስት ኪሎ፣ ከስድስት ኪሎ ሽሮ ሜዳ፣ ከሽሮ ሜዳ ወደ ላይ። መንገዱ እንደ እባብ እየተጠማዘዘ ወደ ባሕር ዛፉ ይወጣል። ዳግማዊ ምኒልክ ጥቅምት 25 ቀን 1882 ዓ.ም. ዘውድ የጫኑት በእንጦጦ ማርያም ነው። በዚያ ዘመን ዛፉ ተጨፍጭፎ ማገዶ ስለ ጠፋ፣ በእርሳቸው ዘመን ከወደ አውስትራልያ የመጣው ባሕር ዛፍ ከተማይቱን ከመፍረስ አዳናት። በ2013 ዓ.ም. የተከፈተው የእንጦጦ ፓርክም ከዚሁ ደን መካከል ነው። በዚያው መንገድ ከወገባቸው በላይ የሚበልጥ የማገዶ ሸክም ያዘሉ እናቶች ጐንበስ ብለው ሲወርዱ ያጋጥማሉ። አንዱ ለመዝናናት ይወጣል፤ ሌላው ለዕለት እንጀራ ይወርዳል። ተራራው ሁለቱንም ይሸከማል።

እኔ ወደ እንጦጦ የወጣሁት ጦስኝ ከምድሩ ለቅሜ ለመውሰድ ነበር። ጦስኝ የደጋ ቅጠል ነው፤ አንደኛው ዝርያ በሳይንስ ስሙ የሚጠራው በሺምፐር ነው። ሺምፐር በአውሮፓ አቆጣጠር ከ1837 ጀምሮ አርባ ዓመት ያህል በአገራችን እየኖረ ዕፀዋትን የሰበሰበ ጀርመናዊ ነበር። እትዬ ተሳልመው እስኪመለሱ ድረስ በዛፎቹ መካከል ብዞር ብዞር፣ ያገኘሁት የደረቀ የባሕር ዛፍ ቅጠል ብቻ ሆነ። በመጨረሻ በመንገድ ዳር ቅጠላ ቅጠል ዘርግተው የተቀመጡ አንዲት አሮጊት አየሁ። ጦስኝም ነበራቸው።

«እማማ፣ ይህን ከዚሁ ከተራራው ነው የለቀሙት?» ብላቸው ሳቁብኝ።

«ከመንዝ ነው ልጄ። ዘመድ ያመጣልኛል። እዚህ ባሕር ዛፉ ምኑን አስተርፎ!»

ገንዘቤን ስሰጣቸው ጤና አዳም ምራቂ ጨመሩልኝ። እዚህ ላይ ለአንባቢዬ አንድ የሚያስደንቅ ነገር ልንገር። ከቡና ጋር የምናውቀው ጤና አዳምና ሎሚ በዕፀዋት ሊቃውንት ዘንድ የአንድ ቤተ ሰብ ልጆች ናቸው። ቅጠሉን ለኩስስ ብለው ወደ ብርሃን ያነሡ እንደ ሆነ እንደ ሎሚ ልጣጭ ነጠብጣብ የዘይት ከረጢቶች ይታዩበታል። ሆኖም ጤና አዳም በብዛት ሲወሰድ ይጎዳል፤ ለነፍሰ ጡርም አይመከርም። ስለዚህ ለብስኩቱ ጦስኙን ብቻ ወሰንሁ፤ ጤና አዳሙ ለእትዬ ቡና ቀረ።

ማግስቱን እሑድ ከልጅቱ ቤት ሥራ ተጀመረ። ጤፉን እናትና ልጅ በነጭ ጨርቅ ላይ ለቀሙት፤ ከዚያም በአዲስ ወንፊት ተነፋ፤ ስንዴ ነክቶት በማያውቅ በአዲስ የቡና መፍጫም ጥቂት በጥቂት ተፈጨ። አሠራሩን ለሚፈልግ እነሆ፦ ሁለት ብርጭቆ የጤፍ ዱቄት፣ ግማሽ ብርጭቆ ስኳር፣ ግማሽ የሻይ ማንኪያ ቤኪንግ ሶዳ፣ ቍንጥር ጨውና አንድ የሻይ ማንኪያ የደቀቀ ደረቅ ጦስኝ በአንድነት ይደባለቃል። አንድ የሾርባ ማንኪያ የተፈጨ ተልባ በሦስት ማንኪያ ውሃ ተበጥብጦ ዐሥር ደቂቃ ሲቆይ እንደ እንቁላል ይዝለገለጋል፤ ግሉተን የሌለውን ዱቄት እንዳይፈረፈር የሚይዘው ይህ ነው። አንድ ሦስተኛ ብርጭቆ ዘይት፣ የአንድ ብርቱካን የተፈቀፈቀ ልጣጭና አንድ የሾርባ ማንኪያ የሎሚ ጭማቂ ይጨመርበታል። ሊጡ ጠንከር ካለ ጥቂት ውሃ ማከል ነው። ግማሽ ሰዓት ዐርፎ ዱቄቱ ውሃውን ከጠጣ በኋላ፣ በትንሹ እየተድበለበለና እየተጠፈጠፈ በ180 ዲግሪ ከ12 እስከ 15 ደቂቃ ይጋገራል።

ልጣጩ ሲፈቀፈቅ ላዩን ብቻ መንካት ያስፈልጋል፤ ከሥሩ ያለው ነጩ ይመርራል። መዓዛው ያለው ከጭማቂው ይልቅ በልጣጩ ዘይት ነው። ይህንንም ለማሳየት የብርቱካን ልጣጭ በሻማ ነበልባል ፊት ቈንጥጬ ብጨምቀው፣ ዘይቱ ተረጭቶ እንደ ርችት ብልጭ አለ፤ ልጅቱም በሳቅ ፈነዳች። የሎሚው ጭማቂ ደግሞ ሌላ ሥራ አለው። ኮምጣጣው ከሶዳው ጋር ሲገናኝ አየር ይፈጥራል፤ አየሩም ብስኩቱን ያሳብጠዋል። እንደኛ ባለ ደጋ ከተማ አየሩ የሳሳ ስለ ሆነ ብስኩቱ ቶሎ ይነፋል፤ ሶዳ የሚያበዛ ሰው ነፍቶ የሚወድቅ ብስኩት ያተርፋል።

ብስኩቱ እስኪበስል ድረስ የዚህን ሕመም ታሪክ አጫወትኋቸው። የስንዴን ጠንቅነት በማስረጃ ያስረዳው ዊለም ዲከ የሚባል በሆላንድ አገር በሔግ ከተማ የሕፃናት ሐኪም የነበረ ሰው ነው። በአውሮፓ አቆጣጠር ከ1944 እስከ 1945 በነበረው የጦርነት ክረምት ሆላንድ ተራበች፤ ዳቦም ጠፋ። ሌላው ሲከሳ በዚህ ሕመም ይሠቃዩ የነበሩት ሕፃናት ተሻላቸው፤ ዳቦ ሲመለስ ሕመማቸውም ተመለሰ። ሐኪሙ ጥናቱን በ1950 አሳተመ። በዚያችው አገር በ2007 አንድ ኩባንያ በጤፍ ዱቄት አሠራር ላይ የአውሮፓ የባለቤትነት መብት አስመዘገበ፤ የሔግ ፍርድ ቤት ግን በኅዳር 2011 ዓ.ም. በእኛ አቆጣጠር ይህ መብት በሆላንድ ዋጋ እንደሌለው ፈረደ። እናቷ ይህን ሰምተው «እኛስ ከወፍጮው መቼ ተፋርደን እናውቃለን?» አሉ። እውነታቸውን ነው። በዓለም የታወቀው እህላችን ከጎረቤት ወፍጮ ቤት ሲደርስ ንጽሕናውን የሚጠብቅለት ከሌለ፣ ለእንደዚች ልጅ ከስንዴ አይሻልም።

ብስኩቱ ወጣ። መልኩ እንደ ቡና ቈላ ያለ፣ ጫፉ የሚንኮሻኮሽ፣ መጀመሪያ ብርቱካኑ፣ ኋላም ጦስኙ በአፍንጫ የሚመጣ ነበር። ልጅቱ ግን ወዲያው አልበላችም። «ስኳሩስ ከየት ነው? ትሪውስ?» እያለች አንድ በአንድ ጠየቀች። እኔም አልተቀየምሁም፤ ይልቁንም ተማሪዬ ከእኔ የተሻለች የላቦራቶር ሰው መሆኗን ዐወቅሁ። ከዚያም አንድ በላች፤ ሰኞም ማክሰኞም ደኅና ሆና ትምህርት ቤት ዋለች።

ዓርብ በበዓሉ ላይ የስንዴው ብስኩት በአንድ ጠረጴዛ፣ የእርስዋ በሌላ ጠረጴዛ ቀረበ። መጀመሪያ ያለቀው የእርስዋ ነው። ከትሪው ጀርባ ቆማ፣ እጇን ታጥባ ለመምህራንም ለጓደኞቿም ስታድል አየኋት። ሌላው ጊዜ ዘወር ትል የነበረችው ልጅ ያን ቀን ጋባዥ ሆና ዋለች።

እንግዲህ ለወጣት አንባቢዎቼ የምለው ጥቂት ነው። ስንዴ ሲበላ ሆዱን የሚያመው ሰው በገዛ ፈቃዱ እህሉን ከመተው አስቀድሞ ሐኪም ዘንድ ይሂድ፤ ስንዴውን ትቶ የሚመረመር እንደ ሆነ ምርመራው ሊያሳስት ይችላልና። ሰው የሚጋብዝም «ብላ፣ በሞቴ» ከማለቱ በፊት «ምን ይስማማሃል?» ብሎ ይጠይቅ። በሞቴ ማለት የአገራችን መልካም ልማድ ነው፤ ጥያቄው ግን ቢቀድመው ልማዱን ያሳምረዋል እንጂ አያጎድለውም። እትዬም የተረፈውን ጤና አዳም በአጥሩ ሥር ተክለውታል፤ ይኸው ጸድቋል።