የግድግዳው ማዶ

የካዛንቺሱን ቤታችንን ከጎረቤታችን ቤት የሚለየው አንድ የጭቃ ግድግዳ ብቻ ነበር። በየዓመቱ ለእንቁጣጣሽ በአሮጌው ጋዜጣ ላይ አዲስ ጋዜጣ ስለሚለጠፍበት፣ ከጭቃው ይልቅ ወረቀቱ ሳይወፍር አይቀርም እያልን እንቀልድ ነበር። ጎህ ሲቀድ አያቴ አልጋዋ ላይ እንደተቀመጠች ምርኩዟን ታነሳና ግድግዳውን ሁለት ጊዜ ትመታዋለች። ከማዶ ሁለት ጊዜ ይመለሳል፤ ጎረቤታችን የምትመልሰው በዘነዘና ነው። በቃ፣ ሁለቱም በሰላም አድረዋል።

ማን ቀድሞ ይነቃል የሚለው ነገር ግን ዘመናቸውን ሙሉ ያልታረቁበት ክርክር ነበር። አያቴ «እኔ ባልቀሰቅሳት ኖሮ ኪዳን ያመልጣት ነበር» ትላለች። ያቺኛዋም ስለ አያቴ ይህንኑ ትላለች። እርስ በርሳቸው የሚጠራሩት «እታለም» እየተባባሉ ነው፤ እኛ ልጆቹ ጎረቤታችንን እማማ ነበር የምንላት።

መልስ ከዘገየ አያቴ ትደግማለች። አሁንም ዝም ካለ «ተነስ እስቲ፣ እታለምን አይተሃት ና» እባላለሁ። አብዛኛውን ጊዜ እማማ ወደ ኡራኤል ወጥታለች፤ ወይም እሳት እያያያዘች አልሰማችም። አንድ የክረምት ጠዋት ግን ጓሮ በር ላይ ወድቃ አገኘኋት። ድምፅ ማውጣት አቅቷት፣ ቀሚሷ በዝናብ ርሶ፣ እጇን ብቻ ታነሳለች። የሰፈሩ ጎረምሶች በአልጋ ተሸክመው ሆስፒታል ወሰዷት። ስብራት ነበር፤ ጊዜ ወስዶ ዳነ። ያኔ 11 ዓመቴ ነበር፤ ነገሩን ከልጅ መላላክ ለይቼ አላየሁትም። ስኳር ግዛ፣ ከሰል አምጣ፣ እማማን እያት፤ ሁሉም አንድ ነበር።

ከዚያ ቡና ነው። ሰባት ሴቶች ነበሩ፣ ተራ ገብተው በየቤቱ። ዕጣኑ ሲጨስ፣ ጀበናው ሲንተከተክ፣ ወሬው ሲደራ ዛሬም ይታየኛል፤ አሁን ግን ትዝ የሚለኝ ያን ጊዜ ልብ ያላልኩት ሌላ ነገር ነው። «እግርሽ አብጧል እኮ» ትላለች አንዷ ዱካ ላይ ተቀምጣ ትይዩዋ ያለችውን ቁልቁል እያየች። «ትናንት ያልሽውን ደገምሽው፤ ራስሽን ያምሻል እንዴ?» «ምነው ቁርሱን ገፋሽው?» አያቴን ጤና ጣቢያ ሄዳ ደም ግፊት አለብሽ ከመባሏ በፊት የለየቻት ሐኪም አይደለችም፤ ሲኒ ስትቀበል እጇ መንቀጥቀጡን ያየች የባለ ሱቁ ሚስት ናት።

ኪኒን ከታዘዘላት በኋላም ነገሩ ወደ ቡናው ገባ። ሐኪሙ ጠዋት ጠዋት አንድ ፍሬ ብሏታል። አያቴ ይህን የተረዳችው «ከአቦል በፊት» ብላ ነው። አቦል ሊቀዳ ሲል ከሰባቱ አንዷ «ኪኒኑ ተዋጠ?» ትላለች፣ ውሃ ይመጣል፣ ይዋጣል። የአንዷ የስኳር ነው፣ የሌላዋ የልብ ነው። ማንበብ የሚችሉት ሁለት ናቸው፤ የማን ኪኒን የቱ እንደሆነ ግን ሰባቱም ያውቃሉ።

ነገሩን በማር አጣፍጬ መተረክ አልፈልግም። ያ ቡና የሐሜትም ገበታ ነበር፤ ተኮራርፈው ለአንድ ሑዳዴ ሙሉ የተዘጋጉ አውቃለሁ። ተራዋ ሲደርስ የቡና መግዣ አጥታ «አሞኛል» ብላ በሯን የዘጋች ሴትም ነበረች። ውሃ የምትቀዳው፣ ከሰል የምታያይዘው፣ አያቴን ሌሊት ደግፋ የምታወጣት የቤት ሠራተኛችን ደግሞ ሲኒዋን ተቀብላ ጓዳ ነበር የምትጠጣው። የዚያ ሁሉ እንክብካቤ ክብደት በማን ትከሻ ላይ እንዳለፈ ስናስበው፣ ትዝታችን ብዙ ጊዜ ጓዳውን ይዘላል።

አያቴ ስትመርቅ «ጧሪ ቀባሪ አያሳጣህ» ትለኛለች። ሁለቱ ቃላት አብረው ስለሚባሉ አንድ ነገር ይመስሉኝ ነበር። አንድ አይደሉም። ቀባሪው የተደራጀ ነው፤ እድር አለው፣ ድንኳን፣ ድስት፣ ወንበር፣ ጡሩምባ ነፊ፣ መዝገብ የሚይዝ ጸሐፊ፣ ቀብር የቀረ የሚቀጣበት ደንብ አለው። ጧሪው ግን መዝገብ የለውም። ጧሪ ልጅ ነው፤ ልጅ ከሌለ ጎረቤት ነው፤ ጎረቤቱም የሚጦረው እጦራለሁ ብሎ ሳይሆን ቡና ሊጠጣ ተቀምጦ ነው። ይህን ልዩነት የተረዳሁት ኮሮና መጥቶ ቡናውን ሲበትነው ነው።

መጋቢት 4 ቀን 2012 ዓ.ም. ከቡርኪና ፋሶ የመጣ አንድ ጃፓናዊ ቫይረሱ እንደተገኘበት ተነገረ። በዚያው ዕለት አሜሪካ ውስጥ ነርሲንግ ሆሞችን የሚቆጣጠረው የፌዴራል መሥሪያ ቤት፣ ሞት አፋፍ ላይ ላለ ሰው ካልሆነ በቀር ጠያቂ ዘመድ እንዳይገባ መመሪያ አወጣ። ሁለቱን አንድ ቀን ያገናኘችልኝ ሜሪላንድ ያለችው አክስቴ ናት። የአያቴ ታላቅ ልጅ ናት፤ ሲኤንኤ (የነርስ ረዳት) ሆና የሰው እናቶችን ስታጥብ፣ ስታጎርስ፣ ስታገላብጥ ከ15 ዓመት በላይ ሠርታለች። ኢትዮጵያውያን ሴቶች እዚያ ሲሄዱ ይህ ሥራ ቶሎ ይገኛል፤ እጃቸው አረጋዊ መያዝ ያውቃል ይባላል። ያወቀው ግን እዚህ፣ በገዛ እናቶቻቸው ላይ ነበር።

ልጆች ከመስኮቱ ውጭ ቆመው መስታወቱ ላይ መዳፋቸውን ሲያሳርፉ፣ እናት ከውስጥ «ለምን አይገቡም?» ብላ ስትጠይቅ፣ አይፓድ ይዛ በመሀል የምትቆመው አክስቴ ነበረች። እስከ 2014 ዓ.ም. አጋማሽ ድረስ በአሜሪካ የአረጋውያን መኖሪያዎች ውስጥ የሞቱት ነዋሪዎችና ሠራተኞች ከ200,000 በልጠው ነበር። ያ ሁሉ አልጋ፣ ያ ሁሉ ነርስ፣ በየአልጋው ራስጌ የሚጫነው ደወል እያለ። «ደወሉማ አለ» ትለኛለች አክስቴ፣ «ግን አንድ ሰው ለስንት ደወል ይደርሳል?» ፈረቃዋን ጨርሳ መኪናዋ ውስጥ ሆና በቫይበር ወደ እናቷ ትደውላለች። «እማዬ፣ ኪኒንሽን ዋጥሽ?» «ዋጥኩ።»

እዚህ መጋቢት 30 የአስቸኳይ ጊዜ አዋጅ ታወጀ። መጨባበጥ ተከለከለ፤ ከአራት ሰው በላይ መሰብሰብ ተከለከለ። ሴቶቹ ሰባት ናቸው። ማን ይቀነስ? ሦስቱን ከመቀነስ ሁሉም ቀሩ። በዚያ ሰሞን ቤት ለቤት ሙቀት የሚለካ ወጣት ደጃችን መጥቶ መሣሪያውን ወደ አያቴ ግንባር ሲያነጣጥር «ልጄ፣ አረፍ በልና ቡና ላፍላልህ» አለችው። ልጁ አንድ እርምጃ ወደ ኋላ አፈገፈገ። እርሱ ትክክል ነበር። እርሷም ደጅ የመጣን ሰው ሳታስቀምጥ ሰድዳ አታውቅም፤ ያን ቀን ሙሉ ከፍቷት ዋለ። ፋሲካም በሬዲዮ ሆነ፤ የኡራኤልን ደወል እየሰማች፣ ነጠላዋን አደግድጋ፣ ሳሎን መሀል ቆማ አስቀደሰች።

ሰኔ ላይ 114 ዓመት ሆኗቸዋል የተባሉ አንድ መነኩሴ ከኮሮና አገግመው መውጣታቸው ሲነገር፣ አያቴ እልል ብላ «እኔማ ገና ልጅ ነኛ!» አለች። ያን ዕለት ደስ ብሏት ሳለ ከራስጌዋ ያለውን የመድኃኒት ከረጢት ከፈትኩት። ቶሎ ቶሎ እንዳትመላለስ ተብሎ የሦስት ወር ተሰጥቷት ነበር። ቆጠርኩት። ግማሹ እንኳ አልተነካም።

አልዋሸችንም። አንዳንድ ቀን ውጣለች። ግን ብቻዋን ቡና አታፈላም፤ ቡና ለብቻ የሚጠጣ ነገር አይደለም ብላ። አቦል ካልተቀዳ ደግሞ ኪኒኑን የሚያስታውስ ሰዓት በቤቱ ውስጥ አልነበረም። ከሜሪላንድ የሚደወለው ስልክ «ዋጥኩ» የሚለውን ቃል ይሰማል፤ ሰባቱ ሴቶች ግን ቃሉን አይሰሙም፣ ጉሮሮዋን ያያሉ።

በዚያ ሁሉ መሀል ያልታገደ አንድ ነገር ግድግዳው ነበር። ትንፋሽ አያሳልፍም፣ እጅ አያነካካም። ጠዋት ሁለት ጊዜ፣ ከማዶ ሁለት ጊዜ። እንዲያውም ማታም ጨመሩበት። ሐምሌ ላይ አንድ ጠዋት አያቴ መታች፣ ደገመች፣ ሠለሰች። እኔ ጭንብሌን አጥልቄ ወጣሁ፤ እንደ ልጅነቴ ግን አልሮጥኩም። እማማ በእንቅልፏ አርፋለች። የቆየ የልብ ሕመም ነበረባት፤ የእርሷን ኪኒን የቆጠረ አልነበረም።

ድንኳን አልተጣለም። ሦስት ቀን የተቀመጠ የለም። እድሩ ገንዘቡን ለልጇ አስረከበ፣ አስከሬኑ በጥቂት ሰው ታጅቦ ሄደ። አያቴ በመስኮት አየች። ደረት መምታት የሚያውቅ እጅ የሚያርፍበት ሲያጣ አይቼ የማውቀው ያን ቀን ነው። በማግስቱ ጠዋት ጎህ ሲቀድ ግድግዳው ሁለት ጊዜ ሲመታ ሰማሁ። ከዚያ ዝምታ ሆነ፤ ቀጥሎ ምርኩዟን አልጋው ጠርዝ ላይ ስታስቀምጥ ተሰማኝ።

ክትባቱ ልክ በዓመቱ መጋቢት 4 ቀን 2013 ተጀመረ፤ አያቴም ተራዋ ሲደርስ ተወጋች። ቡናው ተመለሰ፣ ሰባቱ ግን አልተመለሱም። ሁለቱ ሞተዋል፣ አንዷን ልጇ ወስዳታለች። ቀሪዎቹ አራቱ ተለማምደው ሳይጨርሱ 2017 ገባና ካዛንቺስ ለኮሪደር ልማቱ መፍረስ ጀመረ። ጣሊያን ለሠራተኞቹ ከሠራቸው ቤቶች ስሙን ያገኘ ሰፈር ነው፤ ስሙን ያወጡለት ቤቶች ሳይሆኑ በዙሪያቸው የተደገፉት የጭቃ ቤቶች ነበሩ ሰፈር ያደረጉት። እኛ ከከተማው ዳር ኮንዶሚኒየም ደረሰን፣ ሦስተኛ ፎቅ፣ ሊፍት የለውም። ቧንቧና መጸዳጃ ቤት ውስጥ ነው፤ አያቴ በዝናብ ጓሮ መውጣቷ ቀርቷልና ይህን አላቃልልም። ደረጃውን ግን በወር አንዴ ብትወርድ ነው። እድሩ እንደ ተበተነ አለ። ሞት የሚነገረው አሁን በጡሩምባ ሳይሆን በቴሌግራም ግሩፕ ነው፤ የአያቴ ስልክ ደግሞ ባለ ቁልፍ ነው።

ዓለም አሁን ስለ እርጅና እየመከረ ነው። የተባበሩት መንግሥታት እ.ኤ.አ. ከ2021 እስከ 2030 ያለውን ጊዜ ለጤናማ እርጅና የተሰጠ አሥር ዓመት ብሎታል። በእኛ አገር ዕድሜው 60 የሞላ ከመቶ ሰው አምስት ቢሆን ነው፤ ገና ወጣት ነን ተብለን አረጋዊው ከሰነዱ ኅዳግ ላይ ይቀመጣል። በ1990ዎቹ አጋማሽ የተጀመረው የጤና ኤክስቴንሽን ሥራ ሴት ባለሙያዎችን ደጅ ድረስ አምጥቷል፤ ነፍሰ ጡሯን፣ ክትባት ያልጨረሰውን ሕፃን፣ መጸዳጃ ቤቱን ጠይቀዋል፣ ብዙ ነፍስም አትርፈዋል። እኛ ቤት የመጣችው ልጅ ሕፃን እንደሌለ ስትሰማ አያቴን ሰላም ብላ አለፈች። ቆማ የመድኃኒቱን ከረጢት ብትከፍት ኖሮ እላለሁ።

እድርስ? ቀብር ብቻ ነው የሚያውቀው የሚል ሰው የኤች አይ ቪን ዘመን ረስቷል። ያን ጊዜ መቅበር ሲበዛባቸው ብዙ እድሮች ደንባቸውን አሻሽለው የታመመውን በሕይወት እያለ መደገፍ፣ ወላጆቹን ያጣውን ልጅ ማስተማር ጀምረው ነበር። አንዴ የተከፈተ መዝገብ ነው። የሰማንያ ዓመቷን ሴት ስም ስትሞት ከሚጻፍበት ገጽ ቀደም ያለ አንድ ገጽ ቢኖረው፣ ማን ጠዋት ያንኳኳላታል የሚል፣ ለእኔ ከብዙ ጉባኤ ይበልጥብኛል። ኮንዶሚኒየም ሲታደልም ሰባት ሴቶችን አንድ ብሎክ፣ ያውም ምድር ቤት ማድረግ ያን ያህል የሚከብድ ሒሳብ አይመስለኝም።

ቤቱ የፈረሰ ቀን የቀረ ቆርቆሮ ላነሳ ሄጄ ነበር። የእማማ ወገን አስቀድሞ ተነስቷል፤ ያ የጋራ ግድግዳ ግን ብቻውን ቆሞ ነበር፣ ጋዜጣው በንፋስ እየተርገበገበ። በእኛ በኩል ምርኩዙ የሚያርፍበት ቦታ ጭቃው ተበልቶ ሲኒ የሚያስቀምጥ ጉድጓድ ሆኗል። ዞሬ ማዶውን አየሁ። ልክ በዚያው ከፍታ ሌላ ጉድጓድ አለ፣ ጠለቅ ያለ፣ ጭዱ እስኪታይ።

ማታ ደረጃውን ወጥቼ ለአያቴ ነገርኳት። ከማርያም ሥዕል ሥር ተቀምጣ ነበር፤ ምርኩዟ ከኮንክሪቱ ግድግዳ ጋር ተደግፏል።

«የማን ይጠልቃል?» አለችኝ።

«የእማማ።»

ትንሽ አሰበች።

«ዘነዘና ስለሆነ ነው» አለች።