«ሆቴል ቤት ነው የምትሠራ»

ሄርሞን ኃይላይ የሠራችውን «ፕራይስ ኦፍ ላቭ» ሰሞኑን ደግሜ አየሁት። በ2007 ዓ.ም. የወጣ ፊልም ነው፤ በዚያው ዓመት ዋጋዱጉ በተካሄደው የፌስፓኮ ፊልም ፌስቲቫል ተሸልሟል፣ ቆይቶም ቶሮንቶ ታይቷል። ላላያችሁት ባጭሩ፦ ቴዲ የሚባል የአዲስ አበባ ባለታክሲ አለ። እናቱ ሴተኛ አዳሪ ነበረች፤ ሞታለች። ከመጠጥና ከጫት ለመላቀቅ ደፋ ቀና በሚልበት ጊዜ፣ እናቱ በኖረችበት ሕይወት ውስጥ ያለች ፈረ የምትባል ወጣት ከቀድሞ ፍቅረኛዋ ጋር ስትጋጭ መሀል ይገባና ታክሲውን ይሰረቃል። ፍቅረኛ ተብዬው ሴቶችን ወደ ዐረብ አገር የሚያሻግር ሰው ነው።

ፊልሙን የምወደው በፈረ ላይ ስለማይፈርድ ነው። ዳይሬክተሯ እንደ ፈረ ካሉ ሴቶች ጋር ተጎራብታ ያደገች ናት፤ እንደ እናት፣ እንደ እህት፣ እንደ ጓደኛ ታውቃቸዋለች፤ ያስታውቃልም። በሌሎች ብዙ ፊልሞቻችን የቡና ቤት ሴት የምትመጣው ወይ ባል ልትነጥቅ ወይ መጨረሻ ላይ ልትሞት ነው። ፈረ ግን ትናደዳለች፣ ትፈራለች፣ ትወዳለች።

እኔ ግን የምኖረው ደባርቅ ነው። ከዚህ ሆኖ ለሚያየው የከተማው ታሪክ ክፍል ሁለት ነው። ክፍል አንድ የሚሠራው እኛው መናኸሪያ ውስጥ፣ ገና ጎሕ ሳይቀድ ነው።

ብርዱ አጥንት ሰብሮ ይገባል። ረዳቱ «ጎንደር! ጎንደር! አንድ ሰው የቀረው!» እያለ ይጣራል። አንዲት ልጅ ነጠላዋን እስከ አፍንጫዋ ተከናንባለች፤ እግሯ ላይ ኮንጎ ጫማ፣ ጭኗ ላይ ልብሷ የተቋጠረበት ፌስታል። ከጃናሞራ ወይም ከበየዳ መጥታ ዘመድ ቤት ያደረች ትሆናለች። በተጣጠፈ የደብተር ቅጠል ላይ አንድ ስልክ ቁጥር ይዛለች፤ ሥራ ታስገባለች የተባለች ሴት ቁጥር ነው። ጎንደር 100 ኪሎ ሜትር ያህል ነው። ከዚያ ወይ ወደ አዲስ አበባ፣ ወይ ወደ መተማ ዮሐንስ።

ለምን ትሄዳለች ሲባል «ድህነት ነው» ብለን እናልፋለን። እውነት ነው፤ ግን አይበቃም። ከእነዚህ ልጆች ብዙዎቹ ያለ ዕድሜያቸው የተዳሩ ናቸው። ሕጉ 18 ዓመት ይላል፤ ደጋው ላይ ግን በ13 እና በ14 ዓመቷ የምትዳር ልጅ ዛሬም አለች። ትዳሩ ሲያንገፈግፋት ትኮበልላለች ወይ ትፈታለች። አባቷ ቤት ስትመለስ «ባልሽ ጋ ሂጂ» ትባላለች። ትምህርቱ አምልጧታል፣ መሬት የላትም። መጀመሪያ እዚሁ ደባርቅ ወይ ዳባት፣ ጠላ ቤት ወይ አረቄ ቤት ትቀጠራለች። ደመወዟ ከሳሙና አያልፍም፤ «ሌላውን ከደንበኛ ጋር ተግባቢ» ትላታለች አሠሪዋ። ይህን የምትላት ሴት ብዙ ጊዜ ራሷም በዚያው መንገድ ያለፈች መሆኗ እኔን ያስለቅሰኛል።

በዚህ ላይ ጦርነት መጣ። በ2013 ዓ.ም. ነሐሴ መጨረሻ ጭና ላይ በሰላማዊ ሰዎች ላይ የተፈጸመውን ግድያ አገር ያውቀዋል። ከዛሪማና ከአዲአርቃይ የተፈናቀለው ሕዝብ ደባርቅና ዳባት ሰፈረ። የሰሜን ተራሮች ፓርክ ከ1970 ዓ.ም. ጀምሮ በዓለም ቅርስነት የተመዘገበ ነው፤ ቱሪስቱ ሲቀር ግን አስጎብኚውም፣ ባለበቅሎውም፣ ወጥ ሠሪዋም ባዶ እጃቸውን ቀሩ። የቤት ገቢ ሲደርቅ ደግሞ ቀድማ ከቤት የምትወጣው ልጅቱ ናት።

እኔን እንቅልፍ የሚነሳኝ ከዚህ በኋላ ያለው ነው። ልጅቱ ብር ትልካለች። ሾርትም ይሁን አዳር፣ ከአልጋ ኪራይና ከደላላ የተረፈችውን በቴሌብር ትልካለች። አባት ቆርቆሮ ይገዛል፣ የማዳበሪያ ዕዳውን ይከፍላል፤ ታናሽ ወንድሟ ዩኒፎርም ይለብሳል። «እገሊትስ የት ደረሰች?» ሲባል «ሆቴል ቤት ነው የምትሠራ» ይባላል፤ ጨዋታው እዚያው ላይ ይቆማል። ምን ዓይነት ሆቴል እንደሆነ ጠያቂውም መላሹም ያውቃሉ። ለጥምቀት በአዲስ ቀሚስ ስትመጣ በግ ይታረድላታል። ታማ ስትመጣ ግን በገዛ ብሯ ቆርቆሮ በለበሰው ቤት፣ ጓዳ ውስጥ ትተኛለች፤ እንግዳ ሲመጣ በሩ ይዘጋል። በዓይኔ ያየሁት ነው። ብሯ ንጹሕ፣ እሷ ርኩስ የምትሆንበትን ሒሳብ ከየት እንዳመጣነው አይገባኝም። ሃይማኖታችንም እንዲህ አላስተማረንም።

የ1996ቱ የወንጀል ሕግ ከእኛ ይሻላል፤ ገላዋን በመሸጧ ብቻ አይቀጣትም። አንቀጽ 634 የሚቀጣው በእሷ ገላ የሚነግደውን ነው። ሴቶችንና ለአካለ መጠን ያልደረሱ ልጆችን ለዚህ ሥራ የሚያቀብለውንም ሕግ ይቀጣዋል። እኛ ጋ ግን የምትታማው እሷ ናት፤ ለደላላው በየሠርጉ ወንበር ይለቀቅለታል።

ዘረሰናይ ብርሃነ መሐሪ በ«ድፍረት» የገጠሩን ጠለፋ አሳይቶናል፤ ሄርሞን ከተማውን አሳይታናለች። በመሀል ያለውን የአውቶቡስ መንገድ ያሳየኝ ፊልም ግን እስካሁን አልገጠመኝም። ካሜራ ይዞ ወደ ሰሜን ተራሮች የሚመጣ ሰው ዋልያና ጭላዳ ቀርጾ ይመለሳል። ይቅረጽ፤ የሚያኮሩን ናቸው። ግን ፊልም የምትሠሩ ልጆች፣ እባካችሁ አንድ ንጋት መናኸሪያው ውስጥ ቁሙ። አባትየውንም ጻፉት፤ ክፉ ሰው አድርጋችሁ ሳይሆን፣ ልጁን ይወዳታል፣ ግን አይጠይቃትም።

መናኸሪያው የምትውሉ ረዳቶች፣ ሻይ የምትሸጡ እናቶች፣ ለእናንተም ልመና አለኝ። ፌስታል ይዛ ብቻዋን የምትሳፈር ልጅ ስታዩ «ማን ነው የሚቀበልሽ?» ብላችሁ ጠይቋት። መልሷ ያ ስልክ ቁጥር ብቻ ከሆነ ለፖሊስ ወይም ለሴቶች፣ ሕፃናትና ማኅበራዊ ጉዳይ ጽሕፈት ቤት ንገሩላት፤ መኪናው ሳይነሣ።