የተሳሳተችው ኖታ

አስቀድሜ ልናዘዝ። ፒያኖ መጫወት አልችልም፤ በልጅነቴም ፒያኖ ያለበት ቤት ገብቼ አላውቅም። ስለዚህ እዚህ የማቀርበው የባለሙያ ሒስ አይደለም፤ አንድ የታሪክ ተማሪ ሌሊት ዶርም ውስጥ ተኝቶ የሰማውን ነው የማወራችሁ።

ነገሩ የጀመረው በፈተና ሰሞን ነው። እንቅልፍ እምቢ ሲለኝ በስልኬ የቤትሆቨንን የፒያኖ ሶናታዎች ከፈትኩ። ተጫዋቹ አርቱር ሽናቤል ይባላል። መጀመሪያ የሰማሁት ሙዚቃ አልነበረም፤ ጤፍ በወንፊት ሲነፋ የሚሰማውን የመሰለ ሽሽታ ነው፤ የአሮጌ ሸክላ ድምፅ። ከዚያ ሽሽታ ውስጥ ፒያኖው ብቅ አለ። የክፍል ጓደኛዬ አንዱን ማዳመጫ ከጆሮዬ ነጥቆ ጥቂት ሰማና፣ «እንዴ! ይኼ ሰውዬ ይሳሳታል እኮ!» አለኝ።

እውነቱን ነው፤ ይሳሳታል። እኔም ለምን እንደሚሳሳት ሳላውቅ መተኛት አልቻልኩም።

ሽናቤል የተወለደው በ1882 ነው (ዓመቶቹ ሁሉ በአውሮፓ አቆጣጠር ናቸው)። ቪየና ውስጥ ሌሼቲትስኪ ከሚባል ዝነኛ መምህር ተማረ፤ መምህሩም፣ አንተ ሙዚቀኛ ነህ እንጂ ፒያኒስት አትሆንም ይለው ነበር ይባላል። ምርቃት ይሁን እርግማን አንባቢ ይፍረድ። በ1927፣ ቤትሆቨን በሞተ በመቶ ዓመቱ፣ ሠላሳ ሁለቱንም ሶናታዎች በርሊን ላይ በተከታታይ ተጫወተ። ሸክላ ማስቀረጽን ግን ለብዙ ጊዜ እምቢ ብሏል። ሙዚቃ አንድ ጊዜ ተጫውተውት የሚያልፍ፣ የማይደገም ነገር ነው ብሎ ያምን ነበርና። ይህን ሳነብ ቅኔ ቤት ያደገው አጎቴ ትዝ አለኝ። እሱም፣ ትናንት የተቀኙትን ዛሬ መድገም ነውር ነው ይላል።

በመጨረሻ ግን ተሸነፈ። በ1932 ለንደን በሚገኘው የአቢ ሮድ ስቱዲዮ ቀረጻውን ጀመረ፤ በ1935 ጨረሰ። ሠላሳ ሁለቱንም በሸክላ ያስቀረጸ የመጀመሪያው ሰው እሱ ነው። ወጪው የተሸፈነው ገንዘባቸውን አስቀድመው በከፈሉ ደንበኞች ነበር። በመካከሉ፣ በ1933፣ ናዚዎች ሥልጣን ያዙ። ሽናቤል አይሁዳዊ ነውና ከሠላሳ ዓመት በላይ የኖረባትን በርሊንን ጥሎ ወጣ፤ ዳግምም አልተመለሰም። እናቱ በ1942 ወደ ቴሬዝየንሽታት ካምፕ ተወስደው እዚያው ሞቱ።

የጊዜውን አሠራር ማወቅ ያስፈልጋል። በደቂቃ 78 ጊዜ የሚዞረው ሸክላ በአንድ ገጹ ከአራት ደቂቃ ብዙም የማይበልጥ ሙዚቃ ነው የሚይዘው። አርቲስቱ አራት ደቂቃ ይጫወታል፤ ያቆማል፤ ደግሞ ይቀጥላል። ከተሳሳተ ወይ ገጹን በሙሉ እንደገና ይጫወታል፣ ወይ ስሕተቱን ተቀብሎ ይኖራል። የተበላሸችውን ኖታ ቆርጦ ሌላ መቀጠል የመጣው ከጦርነቱ በኋላ፣ ከማግኔቲክ ቴፕ ጋር ነው።

አሁን ወደዚያች ስሕተት ልመለስ። በ1818 የተጠናቀቀው ኦፐስ 106፣ «ሐመርክላቪር» የሚባለው፣ ከሠላሳ ሁለቱ ሶናታዎች ቤትሆቨን ራሱ ፍጥነቱን በሜትሮኖም ቁጥር የወሰነለት ብቸኛው ነው። ለመጀመሪያው ክፍል የጻፈው 138 ነው። ይህ ቁጥር ጭካኔ ነው። ብዙ ፒያኒስቶች «ጆሮው የደነቆረ ሰው የጻፈው ነው» እያሉ ቀስ ብለው ይጫወቱታል፤ ጣታቸውም አይሳሳትም። ሽናቤል ግን በተባለው ፍጥነት ሊሄድ ሞከረ። ጣቶቹ ተደናቀፉ፤ ኖታዎች ወደቁ፤ እንዲያም ሆኖ ወጣ።

ጓደኛዬ ይህን ስነግረው ሳቀብኝ። «አይ አንተ! አሁን ደግሞ ስሕተትን ማወደስ ጀመርክ? እኛ ስንሳሳት ኤፍ ነው የምናገኘው!» ክርክሩ ቀላል አይደለም። ሳይለማመድ ወጥቶ የሚሳሳትም አለ፤ እሱን ማንም አያመሰግነውም። ሽናቤል ግን ይህን ሙዚቃ ዕድሜ ልኩን ሲያጠና የኖረ ሰው ነው። ፍጥነቱን ትንሽ ቢቀንስ ኖሮ ጣቱ ይድን ነበር፤ ሥራው ግን የተጠየቀው አይሆንም ነበር።

ይህ ነገር ለምን እንደ እሾኽ እንደወጋኝ ልንገራችሁ። ሁለተኛ ዓመት ሳለሁ በአንድ የሥነ ጽሑፍ ምሽት ግጥሜን አነበብኩ። መካከሉ ላይ ረጅም፣ ትንፋሽ የሚያሳጣ ስንኝ ነበር፤ እሱ ላይ ስደርስ ምላሴ ተያዘ። ደገምኩት፤ ደግሞ ተያዘ። አዳራሹ ሳቀ። ክፉ ሳቅ አልነበረም፤ እኔ ግን በዚያው ሌሊት ስንኙን ሰርዤ በእሱ ፈንታ አጭር፣ ለአፍ የሚመች ነገር ጻፍኩ። ለሰውም «አሻሻልኩት» አልኩ። ውሸቴን ነው፤ አላሻሻልኩትም። ፍጥነቱን ነው የቀነስኩት።

ከዚያ ወዲህ ሁለት ዓመት መድረክ ላይ አልወጣሁም።

አንድ ነገር ልጨምር። የዚያው ሶናታ ሦስተኛ ክፍል በጣም ዝግ ያለ ነው፤ ከአሥራ አምስት ደቂቃ በላይ ይሄዳል። በጊዜው የነበረ አድማጭ እስኪያልቅ ደጋግሞ እየተነሣ ሸክላ መገልበጥ ነበረበት። እኔ ግን ጨለማ ውስጥ ተኝቼ ሳይቋረጥ ሰማሁት። ያ ቅድም የተደናቀፈው እጅ እዚህ አንዲቷን ድምፅ እንዲህ ረጋ ብሎ፣ እንዲህ ተጠንቅቆ ሲያስቀምጣት፣ ጓደኛዬ እንኳ ማዳመጫውን አልመለሰልኝም። ሲያልቅ «ድገመው» አለኝ፤ ሌላ ምንም አላለም።

በሚቀጥለው የሥነ ጽሑፍ ምሽት ከአንባቢዎቹ ዝርዝር ስሜን ታገኙታላችሁ። ግጥሙ የድሮው ነው። ረጅሙን ስንኝ ቦታው መልሼዋለሁ። በየማታው እለማመደዋለሁ፤ ከአምስቱ ጊዜ ሁለቱን አሁንም ይይዘኛል።