ጥላው አካሉን ሲቀድም፦ ፍርሃት በሁለት የቀድሞ አውሮፓ ፊልሞች

እ.ኤ.አ. በ1922 ለእይታ የበቃው «ኖስፌራቱ» የተሰኘው የጀርመን ድምፅ አልባ ፊልም ዕድሜው ከመቶ ዓመት አልፏል። የዛሬ ተመልካች የደም መጣጩን የኦርሎክን ረጃጅም ጥፍሮችና ሹል ጆሮዎች ሲያይ ፈገግ ሊል ይችላል። ጥላው በደረጃው ግድግዳ ላይ ጣቶቹን ዘርግቶ ሲወጣ ግን ፈገግታው ይከስማል። አካሉ የማያስፈራ ፍጡር ጥላው ስለምን ያስፈራል? ይህ አጭር ጽሑፍ ጥያቄውን በፍሪድሪክ ቪልሄልም ሙርናው «ኖስፌራቱ» እና በዴንማርካዊው ካርል ቴዎዶር ድራየር «ቫምፒር» (እ.ኤ.አ. 1932) አማካይነት ይመረምራል።

ሁለቱም ዳይሬክተሮች ፍርሃትን የገነቡት በገሃድ ከሚታየው ዓለም ነው። በዚያ ዘመን «የዶክተር ካሊጋሪ ካቢኔ»ን የመሰሉ የጀርመን ፊልሞች በስቱዲዮ ውስጥ፣ በቀለም በተሣሉ ጠማማ ግድግዳዎች መካከል ይቀረጹ ነበር። ሙርናው ግን ካሜራውን ወደ ቪስማርና ወደ ሉቤክ ጎዳናዎች፣ እንዲሁም ዛሬ በስሎቫኪያ ወደሚገኘው የኦራቫ ግንብ አወጣው። ተመልካቹ የሚያየው እውነተኛ ድንጋይና እውነተኛ ተራራ ነው። እንግዳውን የጫነው ሰረገላ ጫካውን ሲያቋርጥ ግን ምስሉ በኔጋቲቭ ስለሚታይ ዛፎቹ ነጭ ሆነው ይወጣሉ። የታወቀው ደን በቅጽበት ባዕድ ይሆናል።

ድራየር በበኩሉ ፊልሙን በፈረንሳይ አገር፣ በእውነተኛ ሕንፃዎች ውስጥ፣ በአብዛኛው ሙያቸው ትወና ካልሆነ ሰዎች ጋር ሠራ። ዋናውን ገጸ ባሕርይ የተጫወተው የፊልሙን ወጪ የሸፈነው ኒኮላ ደ ጉንዝቡርግ ነበር። ምስሉ እንደ ንጋት ጭጋግ የደበዘዘ ነው። በአንድ ትዕይንት የአንድ ወታደር ጥላ ብቻውን ሲንቀሳቀስ ቆይቶ ተመልሶ ከተቀመጠው አካል ጋር ይገጥማል። ደም መጣጯ አሮጊት ግን የምትታየው ለጥቂት ጊዜ ብቻ ነው።

ከእነዚህ ምሳሌዎች መረዳት እንደሚቻለው፣ የፊልሞቹ ማራኪነት የሚመነጨው ካሳዩት ይልቅ ለተመልካቹ ከተዉት ነው። ጥላ ፊት የለውም፤ ፊት የሚሰጠው የሚፈራው ሰው ነው። የፊልሞቹ ውበት እዚህ ላይ ነው፤ አደጋውም እዚሁ ነው።

ሙርናው ይህን አደጋ በራሱ ፊልም ውስጥ አሳይቷል። ወረርሽኙ ከተማዋን ሲያጠቃ ነዋሪዎቹ ጥፋተኛ ፍለጋ ይወጣሉ። የኦርሎክ ተላላኪ የሆነውን የቤት ደላላ ኖክን እያሳደዱ ሜዳውን ያቋርጣሉ፤ ከሩቅ ያዩት መስሏቸውም የወፍ ማስፈራሪያ ላይ ተረባርበው ይበታትኑታል። በዚህ ሁሉ ጊዜ ኦርሎክ በከተማዋ ባለው ባዶ ቤት ውስጥ ነው። ይሁን እንጂ ፊልሙ ራሱ ከዚህ ሕመም ነጻ አይደለም። ከምሥራቅ መጥቶ አይጥና ደዌ የሚያስገባው፣ አፍንጫው የጎበጠው እንግዳ በዘመኑ ከነበሩት የጸረ አይሁድ ሥዕሎች ጋር እንደሚመሳሰል ሐያስያን አመልክተዋል። ሙርናው ያንን አስቦ አድርጎት እንደሆነ አከራካሪ ነው፤ ለጥላው ፊት የሚያበጅ ተመልካች ግን ያን ጊዜም አልጠፋም።

ይህ ጉዳይ ለአማርኛ ተናጋሪ ተመልካች ሩቅ አይደለም። በሌሊት ወደ ጅብነት ይለወጣል ተብሎ የሚታመነው ቡዳ ለአውሮፓው ሰው ተኩላ የቅርብ ዘመድ ነው። የጅብ ድምፅ ከጨለማው ውስጥ ሲሰማ የሚታይ አካል የለም፤ ለዚያ ድምፅ በልማድ የተሰጠው ፊት ግን የቀጥቃጩና የሸክላ ሠሪዋ ነበር። ማረሻውን የሚሠራው፣ ድስትና ጀበናውን የምታበጀው ባለ እጅ በጋብቻና በማዕድ የተገለለው በዚህ ምክንያት ጭምር ነው።

ስለዚህ እነዚህን ፊልሞች መውደድ እንደ ሕፃንነት ሊቆጠር አይገባም። ተመልካቹ ጥላው በደረጃው ላይ ሲወጣ የሚሰማው ፍርሃት እውነተኛ ነው፤ የሚፈራውን ፊት ግን ያበጀው ራሱ ነው። መብራቱ ሲበራ ግድግዳው ባዶ ሆኖ ይገኛል። የቀጥቃጩ ጎረቤት ግን እንዲህ ያለ መብራት አልበራለትም።