ቅጽል በጨዋታ

የአምባሰሏ ውጫሌ በተነሣች ጊዜ ብዙዎቻችን የምናስበው አንድ ቃል ነው። ሚያዝያ 25 ቀን 1881 ዓ.ም. በተፈረመው የውጫሌ ውል፥ በአንቀጽ 17፥ አማርኛው ንጉሠ ነገሥቱ ከአውሮፓ ነገሥታት ጋር ለሚኖራቸው ጉዳይ በኢጣልያ መንግሥት አጋዥነት ሊጠቀሙ ይቻላቸዋል ሲል፥ ኢጣልያንኛው ግን ግዴታ አደረገው። ጠቡም የካቲት 23 ቀን 1888 ዓ.ም. ዐድዋ ላይ አደረሰ። ቃሉ ግሥ እንጂ ቅጽል አይደለም፤ ቢሆንም የቃልን ክብደት ለሕፃናት ለማስረዳት ለሚሻ መምህር ከዚህ የሚሻል ምሳሌ አይገኝም።

የልጆቻችን ደብተር ሲገለጥ ቤቱ «ጥሩ»፥ እናቲቱ «ጥሩ»፥ በዓሉም «ጥሩ» ሆኖ እናያለን። ይህ የቃል ድህነት ከቤት የመጣ አይደለም። የገበሬ ልጅ ከብቱን በመልኩ ለይቶ ቡሬ፥ ዳልቻ፥ ወይኖ፥ ቦራ ይላል፤ እናቱም ጤፉን ነጭ፥ ቀይ፥ ሰርገኛ ብላ ትለያለች። ልጁ ይህን ሁሉ በአፉ ይዞ ይመጣና ብዕር ሲጨብጥ ይጠፋበታል፤ የቅጽልን ደንብ በቃሉ እንዲይዝ ይጠየቃል እንጂ ስለ ቡሬው በሬ እንዲጽፍ አይጠየቅምና።

መድኃኒቱ ጨዋታ ነው ብንል አባቶቻችን አይቃወሙንም። በቅኔ ቤትስ ቢሆን ተማሪው ከጉባኤ ቃና ጀምሮ የራሱን ይቈጥራል እንጂ የሌላውን በመድገም ብቻ መች ያልፋል? እንቆቅልሽም ቢሆን ነገሩን ስሙን ሳይጠሩ በመልኩና በጠባዩ ማስታወቅ ነው። እንግዲህ መምህሩ በከረጢት ውስጥ የማሽላ ራስ፥ የበግ ጠጉርና የወንዝ ድንጋይ ይክተት። አንዱ ልጅ እጁን አግብቶ ሳያይ ይዳስስ፤ ስሙንም ሳይጠራ ሦስት ቅጽል ብቻ ጽፎ ለጓደኞቹ ያንብብ። «ጥሩ» ብሎ የጻፈ ማንንም አያስገምትም፤ ድቡልቡል፥ ቀዝቃዛ፥ ከባድ ያለው ግን ድንጋዩን ወዲያው ያስታውቃል። ያላወቀው እንደ ልማዱ አገር ይስጥ።

ሰውን ወደ መግለጽ ሲደርሱ ግን ብርቱ ጥንቃቄ ያሻል። በክፍል ውስጥ በሳቅ የተወረወረ ቅጽል ቅጽል ስም ሆኖ አንዱን ሕፃን እስከ ሽምግልናው ሊከተለው ይችላል። ስለዚህ ልጁ አስቀድሞ ጓደኛው ያደረገውን ይጻፍ፤ ቅጽሉንም ከሥራው ያውጣ። ዳቦውን ያካፈለውን ቸር፥ የወደቀውን ያነሣውን ርኅሩኅ ይበለው። ሥራውን ሳይጽፍ ቅጽሉን ያስቀደመ እንደ ገና ይጀምር።

ወላጆችም ማታ ከራት በኋላ ይህንኑ ሊያጫውቱ ይችላሉ። «ዛሬ ገበያው ምን ይመስል ነበር?» ተብሎ የተጠየቀ ልጅ «ጥሩ ነበር» ካለ፥ እርሱም አገር ይስጥ።