ልጅ ያቦካውና አዋቂ ያቦካው

«ልጅ ያቦካው ለእራት አይበቃም» ይባላል። ይህን ተረት በልጅነቴ በቤታችን ደጋግሜ ሰምቼዋለሁ። ከዚያ ወዲህ ግን ተረቱ ከማጀት ወጥቶ ትምህርት ቤት መግባቱን፣ በተለይም አንድ ወጣት ምን ልማር፣ ምን ልሁን እያለ በሚያወጣና በሚያወርድበት ሰዓት እንደ ሕግ አንቀጽ እንደሚጠቀስበት ታዝቤአለሁ። ወላጅ ይጠቅሰዋል፤ መምህር ይጠቅሰዋል፤ እኔም በቃል ባይሆን በግብር ጠቅሼዋለሁ። የዚህ ጽሑፍ ዓላማ ይህንኑ ጥፋቴን መናዘዝና ከጥፋቴ ያገኘሁትን ጥቂት ትምህርት ለመምህራን፣ በየአካባቢው ወጣቱን ለማስተባበር ለተሰለፉ ኃላፊዎችና ለሙያ ባልደረቦቼ ማካፈል ነው።

ነገሩ እንዲህ ነው። ባለፈው ዓመት በግንቦት ወር፣ በትውልድ ከተማዬ በደብረ ብርሃን ከሚገኙ የሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤቶች በአንዱ ቀርቤ የዐሥረኛ ክፍል ተማሪዎችን ስለ ዩኒቨርሲቲና ስለ ትምህርት መስክ ምርጫ እንዳነጋግር ተጋበዝሁ። ተማሪዎቹ ክረምቱ አልፎ ዐሥራ አንደኛ ክፍል ሲገቡ ከሁለት መንገድ አንዱን፣ ይኸውም የተፈጥሮ ሳይንስን ወይም የማኅበራዊ ሳይንስን ይይዛሉ። የደብረ ብርሃን የጧት ብርድ ገና ከአዳራሹ አልወጣም ነበርና ልጆቹ ትከሻ ለትከሻ ተጠጋግተው ተቀምጠዋል። እኔም መድረክ የለመድሁ ሰው ነኝ፤ ድምፄን አስተካክዬ ጀመርሁ።

«ዝንባሌያችሁን እወቁ፤ ማንም አይምረጥላችሁ» አልኋቸው። ለምሳሌም ሩቅ አልሄድሁም። ከዚያው ከጎረቤታቸው ከአንኮበር ተወልደው በዐሥራ አምስት ዓመታቸው የማዕድን ምህንድስና ሊማሩ ወደ እንግሊዝ አገር የተላኩትን የአፈወርቅ ተክሌን ታሪክ ነገርኋቸው። ልጁ መሐንዲስ ይሆናል ተብሎ ሲጠበቅ በዚያ የነበሩ መምህራኑ የሥዕል ተሰጥዎውን አይተው ወደ ሥነ ጥበብ እንዳመለከቱት፣ በለንደንም የታወቁ የሥነ ጥበብ ትምህርት ቤቶች ገብቶ ሠዓሊ እንደ ሆነ አወራሁ። ቀጥዬም ጸጋዬ ገብረ መድኅን በአዲስ አበባ የንግድ ሥራ ትምህርት ቤት፣ ከዚያም በቺካጎ ሕግ ተምረው ሲያበቁ የቲያትርን ጥበብ ፍለጋ ወደ ለንደንና ወደ ፓሪስ መዝለቃቸውን ጨመርሁ። ተጨበጨበልኝ።

ጭብጨባው ሲያበቃ ከኋላ መደዳ አንዲት ቀጭን ልጅ እጅዋን አነሣች።

«ጋሼ፣ የአፈወርቅን ዝንባሌ መምህራኑ አዩለት ብለውናል። እኛ በክፍላችን ሰባ ነን። የእኔን ማን ያይልኛል?»

አዳራሹ ጸጥ አለ። የሰጠሁትን መልስ ዛሬ ልድገመው ብል አልችልም፤ ብዙ ቃላት ነበሩበት፤ መልስ ግን አልነበረበትም። ምሽቱን በእኅቴ ቤት ተኝቼ እንቅልፍ የነሣኝ የልጅቱ ድፍረት አይደለም። እዚያው ቤት ውስጥ፣ ከዐሥር ዓመት በላይ ቀደም ብሎ የፈጸምሁት ሥራ ነው።

አስቀድሜ ግን ስለ ራሴ ትንሽ መናገር ይኖርብኛል። በ1990 ዓ.ም. ማትሪክ ስፈተን የአባቴ ምኞት አንድና አንድ ብቻ ነበር፤ ልጄ ሐኪም ይሁንልኝ። አባቴ የፋብሪካ ሠራተኛ ነበረ። የሐኪም ነጭ ካፖርት ለእርሱ የሙያ ልብስ ብቻ ሳይሆን ከድህነት የመውጫ ደረጃ ነበረ። በዚያ ላይ ጎበዝ ተማሪ የሚባል ሁሉ ወደ ሳይንስ ይሄዳል፤ ሌላው የደከመው ነው የሚል ያልተጻፈ ደንብ ነበረ። ስለዚህ አራት ኪሎ፣ ሳይንስ ፋኩልቲ ገባሁ። ቀን ኬሚስትሪ እየተማርሁ፣ ማታ ማታ ወደ ስድስት ኪሎ ሽቅብ እየወጣሁ በባህል ማዕከሉ ግጥም ሲነበብና ተውኔት ሲታይ አመሽ ነበር። የዓመቱ ውጤቴ ምን እንደ መሰለ መገመት አያዳግትም። በብዙ ደጅ ጥናት የትምህርት መስክ ቀየርሁ፤ አንድ ዓመት ከሰርሁ፤ አባቴም ለወራት ያህል አኮረፈኝ። ያን ጊዜ በልቤ የማልሁት መሐላ «እኔ ልጅ ሲኖረኝ፣ ወይም ልጅ ሲሰጠኝ፣ እንዲህ አላደርገውም» የሚል ነበረ።

መሐላዬን የሚፈትን ልጅ መጣ፤ የእኅቴ ልጅ። ዐሥረኛ ክፍልን በ2005 ዓ.ም. ሲጨርስ አልጋው ሥር አንድ የቆርቆሮ ሣጥን ነበረችው። በውስጥዋም የተፈታ ራዲዮ፣ የሽቦ ጥቅል፣ ያለቀ የባትሪ ድንጋይና ከየጎረቤቱ የተለቀመ ብሎን ነበረ። ያ ልጅ ታዲያ አንድ ቀን ስለ አያቱ ሞት አንድ ግጥም ጻፈና አሳየኝ። ግጥሙ ጥሩ ነበረ፤ ዛሬም ጥሩ ነው። እኔ ግን ከዚያ ግጥም ውስጥ ራሴን አየሁ። በወቅቱ መንግሥት በ2001 ዓ.ም. ሥራ ላይ ባዋለው መመሪያ ከመቶ ሰባው የዩኒቨርሲቲ ተማሪ ወደ ተፈጥሮ ሳይንስና ቴክኖሎጂ፣ ሠላሳው ወደ ማኅበራዊ ሳይንስ ይመደብ ነበረና፣ «ሁሉ ወደዚያ ሲነዳ አንተ አትነዳ» ብዬ ወደ ማኅበራዊ ሳይንስ አግባባሁት። ልጁን ከአባቴ ዓይነት ግፊት ያዳንሁት መስሎኝ ነበር። የእርሱም እናት «አጎትህ የተማረ ነው፤ እርሱ የሚልህን ስማ» አለችው። ሰማኝ።

በ2010 ዓ.ም. ተመረቀ። ጋውን ለብሶ የተነሣው ፎቶግራፍ በእኅቴ ቤት ግድግዳ ላይ አለ። ከዚያ በኋላ ሁለት ዓመት ሙሉ የሥራ ማስታወቂያ ሰሌዳ ሥር ቆመ። በመጨረሻ ለማንም ሳይነግር ቴክኒክና ሙያ ገብቶ ከእርሱ በዕድሜ ከሚያንሱ ልጆች ጋር ተማረና ዛሬ የውሃ ፓምፕ እየጠገነ ይኖራል። እጁ የታወቀ ነው፤ ገበሬው ከሩቅ ቀበሌ ሞተር ጭኖለት ይመጣል። አንድ ቀን ይቅርታ ልጠይቀው ፈልጌ ዙሪያ ጥምጥም ስናገር ሰማኝና ሳቅ ብሎ እንዲህ አለኝ፦

«ጋሼ፣ ግጥሜን ሦስት ጊዜ አንብበህልኛል። ራዲዮኑን ግን አንድ ቀን እንኳ ከፍተህ አላየኸውም።»

በዚያች የብርድ ሌሊት የልጅቱ ጥያቄና የእኅቴ ልጅ ቃል አንድ ነገር መሆናቸው ገባኝ። አባቴ ነጭ ካፖርት አየ፤ እኔ ግጥም አየሁ። ሁለታችንም የየራሳችንን ምኞት ስናይ ልጁን አላየንም። አስገዳጁ አባትና ነፃ አውጪው አጎት የተለያዩ ይመስላሉ እንጂ ቡሃቃውን የነጠቁት እኩል ነው።

እርግጥ ነው፣ ጉዳዩ የዓይን ብቻ አይደለም፤ የዕውቀትም ነው። ተማሪው የሚገባበትን መንገድ ተጨባጭ ሁኔታ አብጠርጥሮ የሚነግረው ሰው ያስፈልገዋል። ዐሥራ አንደኛ ክፍል ሲገባ ማኅበራዊ ሳይንስን የመረጠ ልጅ ወደ ሕክምናና ወደ ምህንድስና የሚያደርሰውን መንገድ ያን ዕለት እንደሚዘጋው ማወቅ አለበት። ሒሳብን ጠልቶ ወደ ማኅበራዊ ሳይንስ የሸሸም ሒሳብን እዚያው ቀድሞት ያገኘዋል፤ ምጣኔ ሀብት ያለ ሒሳብ አይዘለቅምና፣ በመግቢያ ፈተናውም ሒሳብ ለሁለቱም ወገን አለ። በሌላ በኩል ምርጫ የአንድ ቀን ፍርድ አለመሆኑም ሊነገረው ይገባል። ከ2012 ዓ.ም. ወዲህ የዩኒቨርሲቲው የመጀመሪያ ዓመት የጋራ ትምህርት የሚሰጥበት ስለ ሆነ፣ የትምህርት ክፍል የሚለየው ከዚያ በኋላ በውጤትና በፍላጎት ነው። ስለዚህ በሩ አንድ ሳይሆን ሦስት ነው፤ ዐሥራ አንደኛ ክፍል አንድ፣ የዩኒቨርሲቲ ምርጫ ሁለት፣ የትምህርት ክፍል ድልድል ሦስት። የትኛው በር እንደሚከፈትና የትኛው እንደሚዘጋ ሳይነግሩ «ምረጥ» ማለት ዓይንን አስሮ ገደል አፋፍ ላይ ማቆም ነው።

ሌላም ልንደብቀው የማይገባ ሐቅ አለ። የዩኒቨርሲቲ ኮሌጁ በ1943 ዓ.ም. በአዲስ አበባ ሥራ ሲጀምር በአገሪቱ ከእርሱ በቀር ሌላ አልነበረም፤ ዛሬ የመንግሥት ዩኒቨርሲቲዎች ከአርባ ይበልጣሉ። ይሁን እንጂ በጥቅምት 2015 ዓ.ም. የዐሥራ ሁለተኛ ክፍል ፈተና ለመጀመሪያ ጊዜ በዩኒቨርሲቲዎች ግቢ በተሰጠ ጊዜ፣ ከተፈተኑት ከ896 ሺህ በላይ ተማሪዎች ግማሽና ከዚያ በላይ ያመጡት 29,909 ብቻ ነበሩ፤ ከመቶ 3.3 ማለት ነው። በ2017 ዓ.ም. ይህ ቁጥር ወደ 8.4 ከፍ ብሏል። ሪሚዲያል በተባለው የአቅም ማሻሻያ ትምህርት በኩል የሚገቡ መኖራቸው ባይካድም፣ ስለ ዩኒቨርሲቲ ብቻ የሚሰብክ ተናጋሪ በአዳራሹ ከተቀመጡት ለጥቂቶቹ ብቻ እየተናገረ ነው። ለቀሩት ዝምታው ራሱ «እናንተ ወድቃችኋል» የሚል ንግግር ይሆንባቸዋል።

እዚህ ላይ እኛ የኪነ ጥበብ ሰዎች ከተጠያቂነት አናመልጥም። በተውኔቶቻችን ውስጥ ሐኪሙ ቁም ነገር ሊናገር ይገባል፤ ቧንቧ ሠራተኛው ሊያስቅ ይገባል። እኔ ራሴ ከዓመታት በፊት በጻፍሁት አንድ ተውኔት ውስጥ ፈተና የወደቀው ልጅ ታዳሚውን በሳቅ ሲያፈርሰው ነበር። በዚያ ሳቅ ውስጥ ስንት ልጅ አንገቱን ደፍቶ እንደ ተቀመጠ አላሰብሁም። አንድ ሙያ በመድረክ ላይ ክብር ካላገኘ ልጁ በቅጹ ላይ እንዴት በድፍረት ይሙላው?

በሰኔ ወር ሳይጠሩኝ ወደዚያው ትምህርት ቤት ተመለስሁ። ርእሰ መምህሩን አስፈቅጄ በዚህ ጊዜ ብቻዬን አልቀረብሁም፤ አንዲት ነርስ፣ አንድ የመሬት ቀያሽ፣ አንዲት የሒሳብ ሠራተኛና የእኅቴን ልጅ ይዤ ሄድሁ። ንግግር እንዳያደርጉ ለመንኋቸው። አንድ ጥያቄ ብቻ በየተራ አቀረብሁላቸው፦ «ሰኞ ጧት ሁለት ሰዓት ሥራ ስትገቡ መጀመሪያ እጃችሁ የሚነካው ምንድን ነው? ከዚያስ እስከ ማታ?» ነርስዋ ስለ ሌሊት ተረኛ መዝገብና ስለ እግርዋ ድካም ተናገረች። ቀያሹ ዝናብ ሲመጣ መሣሪያውን በገዛ ካፖርቱ እንደሚሸፍን ነገራቸው። የሒሳብ ሠራተኛዋ አንድ ሳንቲም ጎድላ ሁለት ቀን የፈለገችበትን ታሪክ አወጋች። የእኅቴ ልጅ ደግሞ አንድ አሮጌ ፓምፕ ጠረጴዛ ላይ አውጥቶ ፈታው። በመጽሐፋቸው ላይ ስለ ግፊት የተማሩትን ምዕራፍ በጣቱ እያሳየ ሲያስረዳቸው ከኋላ መደዳ የነበሩት ሳይቀሩ ተነሥተው ከበቡት።

ከዚያ ለተማሪዎቹ ወረቀት አደልንና ሦስት ነገር እንዲጽፉ ጠየቅን። ማንም ሳያዛችሁ የምትሠሩት ምንድን ነው? ከብዷችሁ ሳለ ያልተዋችሁት ትምህርት የትኛው ነው? ቤተሰባችሁ ስንት ዓመት ሊጠብቃችሁ ይችላል? ሦስተኛው ጥያቄ ለአንዳንድ መምህራን ከባድ መስሎ ታይቷቸው ነበር። ልጆቹ ግን ከሁሉ ፈጥነው የመለሱት እርሱን ነው፤ ኑሮ ቀድሞ ጠይቋቸዋልና። ወረቀቶቹን መምህራኑ ተከፋፍለው አነበቡአቸው። አንድ መምህር አንዲቱን ወረቀት ይዞ «ይህ ልጅ ዓመቱን ሙሉ ከፊቴ ተቀምጦ ሰዓት እንደሚጠግን አላውቅም ነበር» አለኝ።

ሥራው ገንዘብ አልጠየቀም፤ ግማሽ ቀን ብቻ ጠየቀ። ይህንኑ እያንዳንዱ ትምህርት ቤት በየዓመቱ፣ ልጆቹ ዐሥራ አንደኛ ክፍል ከመግባታቸው በፊት ሊያደርገው ይችላል። የወረዳው ኃላፊ ባለሙያዎቹን ይጥራ፤ መምህሩ ወረቀቱን ያንብብ፤ እኛም በመድረካችን ለፓምፕ ጠጋኙ አንድ ቁም ነገር የሚናገርበት ገቢር እንስጠው። ልጅ ያቦካው ለእራት ባይበቃ፣ ከመፍረዳችን በፊት ዱቄቱን አሳይተነው እንደ ሆነ ራሳችንን እንጠይቅ።

ያች ቀጭን ልጅ ፓምፑ ተገጥሞ እስኪያልቅ ከጠረጴዛው አልራቀችም ነበር። ስትወጣ መንገድ ላይ አገኘኋትና ምን እንደምትመርጥ ልጠይቃት አፌን ከከፈትሁ በኋላ መለስሁት። በምትኩ ስምዋን ጠየቅኋት፤ ነገረችኝም። ከዚያ በወረቀትዋ ላይ የጻፈችውን እያስረዳችኝ እስከ አውቶቡስ ፌርማታው ድረስ አብረን ሄድን።