የኮልፌው ቮልስዋገን

አንባቢዎቼ፤ ከመርካቶ ተነሥታችሁ ወደ ምዕራብ ስታመሩ ኮልፌ የሚቀበላችሁ በባሕር ዛፍ ሽታ ነው። አጠና ተራ ስትደርሱ አጠናው ተከምሮ፥ ሻጭና ገዢ ቆመው ሲከራከሩ ታያላችሁ። ኔልሰን ማንዴላ በ1954 ዓ.ም. የውትድርና ትምህርት የተማሩት እዚሁ ኮልፌ፥ በፈጥኖ ደራሽ ፖሊስ ሰፈር መሆኑን የሰማችሁ ትኖራላችሁ። እኔ ግን ባለፈው ቅዳሜ ወደዚያ የወረድኩት አልዞርም ያለ አንድ ሞተር ለማየት ነው።

ባለቤቱ በአንድ መሥሪያ ቤት ጸሐፊ የሆነ ወጣት ወዳጄ ነው። መኪናዋን የተወለት አባቱ ሲሆኑ ቮልስዋገን ናት። ይህችን መኪና የማያውቅ ኢትዮጵያዊ ያለ አይመስለኝም። ዐፄ ኃይለ ሥላሴ መስከረም 2 ቀን 1967 ዓ.ም. ከቤተ መንግሥታቸው የተወሰዱት በእንዲህ ያለችው ነበር። በዓለም ላይ ከ21 ሚሊዮን በላይ ከተሠራች በኋላ የመጨረሻይቱ በ1995 ዓ.ም. ከሜክሲኮ ፋብሪካ ወጣች። ሞተሩ ከኋላ ነው፤ የሚቀዘቅዘውም በውሃ ሳይሆን በነፋስ ነው። ከማርሹ ሳጥን ጋር የሚያያዘው በአራት ቡሎን ብቻ ስለ ሆነ አንድ ክሪክና ጥቂት ኪያቤ ያለው ሰው በግቢው ሊያወርደው ይችላል። ወጣቱን ሁሉ የሚያታልለውም ይኸው ነው።

ወዳጄ ሞተሩን አውርዶ ፈታው፤ አጠበው፤ አዲስ ብሮንዚን አስገብቶ በአንድ ሌሊት መልሶ ገጠመው። በነጋው በእጁ ሊያዞረው ቢሞክር እንደ ድንጋይ ያዘበት። እናቱም፦ «ይህ ብረት ግቢዬን ዘግቶ የሚኖረው እስከ መቼ ነው? እሑድ ለቁራሌው እሰጠዋለሁ» ብለው ቆርጠዋል። መንግሥት በ2016 ዓ.ም. በነዳጅ የሚሠሩ የግል አውቶሞቢሎች ወደ አገር እንዳይገቡ ከከለከለ ወዲህ፥ አንድ ጸሐፊ አሮጌ መኪናውን ካጣ ሌላ ለማግኘት ምን ያህል እንደሚቸገር እናንተው ገምቱት።

እኔ ስደርስ ልጁ በኪያቤው ጫፍ ላይ ረጅም የውሃ ቧንቧ ሰክቶ በግድ ሊያዞር ነበር። ጎረቤቱ፥ በመካኒክነት አርጅተው ጡረታ የወጡ ሽማግሌ፥ እጁን ያዙት።

«ተው ልጄ! መያዝ የጀመረው መቼ ነው? ምን ካጠበቅህ በኋላ?»

«አላውቅም ጋሼ፤ ሁሉንም ገጥሜ ከጨረስኩ በኋላ ነው ያዞርኩት።»

«እንግዲያው በመጣህበት መንገድ እንመለሳለን።»

መጀመሪያ ካንዴላዎቹን አወጡ፤ የታመቀው አየር እንዳይሆን ነው። አልዞረም። ቴስታታውን፥ ሲሊንደሮቹንና ፒስተኖቹን አወረዱ። አሁንም አልዞረም። ቀጥሎ ቮላኖውን የያዘውን ትልቁን ዳዶ አላሉት። ይህ ብልሃት ሊታወስ የሚገባው ነው፤ ከቮላኖው ኋላ ሦስት ስስ ቀለበቶች አሉ፤ የእነሱ ውፍረት ካለፈ ዳዶው በጠበቀ ጊዜ ኮሎው መንቀሳቀሻ ያጣል። ክፍተቱ ከ0.07 እስከ 0.13 ሚሊ ሜትር መሆን አለበት። ዳዶው ላልቶም ሞተሩ እንደ ያዘ ነው። ስለዚህ ቀለበቶቹ ነጻ ወጡ።

በመጨረሻ የሞተሩን አካል ግራና ቀኝ አጋጥመው የሚይዙትን ስድስቱን ትልልቅ ዳዶዎች ትንሽ ትንሽ አላሉ። ኮሎው ወዲያው ተለቀቀ! ሽማግሌው ፈገግ አሉ።

ሲከፈት ምክንያቱ በዓይን የሚታይ ሆነ። እያንዳንዱ ብሮንዚን በቦታው እንዲጸና ትንሽ የብረት ችንካር በቀዳዳው ውስጥ መግባት አለበት። የአንዱ ቀዳዳ ችንካሩን ስቶ ኖሮ፥ ዳዶው በጠበቀ ቁጥር ችንካሩ ብሮንዚኑን ከጀርባው እየወጋ ወደ ውስጥ አሳብጦታል። ሽማግሌው ኮሎውን በጥፍራቸው ዳሰሱት፤ ጭረት የለውም። በቧንቧው ተገድዶ ዞሮ ቢሆን ግን ወይ ቶርኖ ቤት ነበር፥ ወይ ቁራሌው።

እኩለ ቀን ላይ ሶማሌ ተራ ሄድን። አሮጌውን ብሮንዚን ይዘን ነበር፤ መጠኑ ከጀርባው ስለ ተጻፈ ከሻጭ ጋር መሟገት አያስፈልግም። (ከዋጋው በቀር፤ በዋጋው አንድ ሰዓት ተሟግተናል።)

ስንመለስ ሽማግሌው እርሳስ ጠየቁ። ብሮንዚኑን ያለ ኮሎው በችንካሩ ላይ አስቀመጡና፥ ሁለቱ ብረቶች በሚገናኙበት ጠርዝ ብሮንዚኑ ላይ መሥመር አሰመሩ። ኮሎው ከተቀመጠ በኋላ ችንካሩ አይታይም፤ መሥመሩ ከጠርዙ ጋር ሲገጥም ግን ቀዳዳው ችንካሩን እንዳገኘ ይታወቃል። ከዚያ ወዳጄ አንድ ዳዶ ጠበቅ፥ ኮሎውን ዞር፥ ሌላ ዳዶ ጠበቅ፥ ዞር እያደረገ ቀጠለ። አንድ ሌሊት የፈጀው ሥራ አሁን ዘገምተኛ ሆነ፤ እኔም ሦስት ስኒ ቡና ጠጣሁ።

አመሻሽ ላይ ቮላኖው ታስሮ ክፍተቱ ተለክቶ 0.10 ሆኖ ተገኘ። እናቱ ጀበናውን እንደ ያዙ መጥተው ቮላኖውን በሁለት ጣታቸው ገፋ አደረጉት። ያለ ድምፅ ዞረ።

«ታዲያ አይጮህም እንዴ?»

«ፒስተኑ ገና ነው እማዬ፤ የሚቀጥለው ቅዳሜ።»

በማግሥቱ እሑድ ጠዋት፥ ወዳጄ በስልክ እንደ ነገረኝ፥ «ቁራሌው!» የሚለው ጩኸት በአጥሩ በኩል አለፈ። እናቱ ከቤት ሳይወጡ፦ «የለንም፤ እለፍ!» አሉት።